የታብሌት ቡትሎደርና ፈርምዌር መቀየር፦ ጅማ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ታብሌት ስጠግን ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አሰባስቤ ጽፌዋለሁ።

ቡትሎደር፣ ሪከቨሪ፣ ፈርምዌር የሚባሉት ምንድን ናቸው?

ቡትሎደር የማብሪያ ቁልፉን ስትጫኑ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሜሞሪውንና ሌላውን ሃርድዌር አንቅቶ ዋናውን ሶፍትዌር ይጠራል። ከመጥራቱ በፊት ግን የአምራቹ ፊርማ እንዳለበት ያጣራል። «ቡትሎደሩ ተቆልፏል» ሲባል ይህ ፍተሻ እየሠራ ነው ማለት ነው። «ተከፈተ» ሲባል ደግሞ ፍተሻው ላልቶ ሌላ ሰው ያዘጋጀውንም ሶፍትዌር ያስገባል።

ሪከቨሪ ከአንድሮይዱ ተለይቶ የተቀመጠ የጥገና ክፍል ነው፤ አንድሮይዱ ባይነሳም እሱ ሊነሳ ይችላል። ከፋብሪካ የሚመጣው ዳታ ከማጥፋትና ከማዘመን ብዙ አያልፍም። ቲደብሊውአርፒ የሚባለው ካስተም ሪከቨሪ ግን ኮፒ ለመያዝም ካስተም ሮም ለመጫንም ያገለግላል። ፈርምዌር የምንለው የአምራቹን ሙሉ ጥቅል ነው። ካስተም ሮም ሌሎች ባለሙያዎች የሠሩት አንድሮይድ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ሊኒየጅ ኦኤስን ነው። እሱም በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሳያኖጅንሞድ የሚባለው ካስተም ሮም ሲቆም ከዚያው የቀጠለ ነው።

ካስተም ቡትሎደር መጫን ይቻላል?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው፤ ቡትሎደሩ እንዲከፈትላቸውና ካስተም ሪከቨሪ እንዲገባላቸው። በአሁኑ ጊዜ ባሉት በአብዛኞቹ ታብሌቶች ላይ ቡትሎደሩን ራሱን በሌላ መተካት አይቻልም፤ ፕሮሰሰሩ የቡትሎደሩን ፊርማ ስለሚያጣራ ባዕድ ከሆነ አያስነሳውም። የፊርማ ፍተሻ ሳይበራባቸው የተሸጡ አንዳንድ ርካሽ፣ በሮክቺፕና በኦልዊነር ቺፕ የሚሠሩ ታብሌቶች ላይ ይሆናል። እንኳን እነሱ ላይ፣ ቡትሎደሩ ሳይነካ ሥራው የሚያልቅ ከሆነ እኔ አልነካውም።

ቡትሎደር ሲከፈት ፎቶና ፋይሎቼ ይጠፋሉ?

አዎ፣ የውስጥ ሜሞሪው ላይ ያለው በሙሉ ይጠፋል። ይህ ብልሽት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ታብሌታችሁን የሰረቀ ሰው ቡትሎደሩን ከፍቶ ፎቶዎቻችሁን እንዳያይ። ሜሞሪ ካርዱ አይነካም፤ ቢሆንም አውጥታችሁ አስቀምጡት። ካርዱን «እንደ ውስጥ ሜሞሪ» አድርጋችሁ ከነበረ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ካርድ የተመሰጠረ ነው፤ ቁልፉ ያለው ታብሌቱ ውስጥ ስለሆነ የታብሌቱ ዳታ ሲጠፋ ካርዱም የማይነበብ ይሆናል።

ሌላው የጂሜይል ጉዳይ ነው። ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ የታብሌቱ ዳታ በሪከቨሪ በኩል ሲጠፋ ቀድሞ የነበረውን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። እዚህ ከተማ ብዙ ሰው ጂሜይሉን የከፈተለት ታብሌቱን የሸጠለት ልጅ ነው፤ ፓስወርዱን አያውቀውም። አድራሻውንና ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ በሌላ ስልክ ገብታችሁ መሥራቱን ሳታረጋግጡ አትጀምሩ።

የእኔ ታብሌት ይከፈታል ወይ?

እንደ ሞዴሉና እንደ መጣበት አገር ይለያያል። ለዓለም አቀፍ ገበያ የተሠሩ ብዙ የሳምሰንግ ታብሌቶች የመክፈቻ አማራጭ ነበራቸው። ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጡት፣ በተለይ በቴሌኮም ድርጅቶች የተሸጡት፣ አብዛኞቹ አይከፈቱም። የአማዞን ፋየር ታብሌቶችም ብዙ ይመጡልኛል፤ አማዞን በይፋ የሚሰጠው መክፈቻ የለም፤ ጥቂት የቆዩ ሞዴሎች ብቻ ቦርዱ ላይ ነጥብ ከነጥብ አገናኝቶ በሚሠራ ዘዴ ይከፈታሉ። በሚዲያቴክ ቺፕ የሚሠሩ የቻይና ታብሌቶች ብዙ ጊዜ ቀላል ናቸው።

ሳምሰንግ ላይ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። ቡትሎደሩ ተከፍቶ ይፋዊ ያልሆነ ሶፍትዌር ሲገባ ኖክስ የሚባለው ቆጣሪ ከ0 ወደ 1 ይዞራል። ይህ ቺፑ ውስጥ የሚቃጠል ፊውዝ ስለሆነ የፋብሪካውን ፈርምዌር ብትመልሱም ወደ 0 አይመለስም። ሴኪዩር ፎልደርን የመሰሉ አገልግሎቶች ከዚያ በኋላ አይሠሩም።

«ሳምሰንግ ታብ ኤ» ብዬ ፋይል ብፈልግ አይበቃም?

አይበቃም። እኔ ዘንድ ለሚመጡት ታብሌቶች መሞት አንደኛው ምክንያት ይኼ ነው። ጋላክሲ ታብ ኤ7 ብቻ ብንወስድ ኤስኤም-ቲ500 በዋይፋይ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ኤስኤም-ቲ505 ሲም ይቀበላል። ሁለቱም በስናፕድራጎን 662 ነው የሚሠሩት፤ ውጫቸውም አንድ ነው፤ ፋይላቸው ግን አንድ አይደለም። ከነሱ በፊት የወጣው ቲ510 ደግሞ «ታብ ኤ» ተብሎ ይጠራ እንጂ ፕሮሰሰሩ ራሱ ኤግዚኖስ ነው።

ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ከሴቲንግ «ስለ ታብሌቱ» ከሚለው ውሰዱ። ካልበራ ጀርባው ላይ ከታች በኩል በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ ስልክ ፎቶ አንሥቶ ማጉላት ይረዳል። ጀርባው ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ሳምሰንግ ከሆነ ዳውንሎድ ሞድ (ፈርምዌር ከኮምፒውተር የሚቀበልበት ስክሪን) ላይ የሚታየውንም አመሳክሩ። ሦስቱ ካልተስማሙ ዳውንሎድ ሞዱ ላይ ያለውን እመኑ።

ኮምፒውተሩ ታብሌቱን አያየውም፤ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ርካሽ ኬብሎች ውስጣቸው የቻርጅ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ የዳታው ሽቦ የለም። ታብሌቱ ቻርጅ ማድረጉ ኬብሉ ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። በዚያው ኬብል ከሌላ ስልክ አንድ ፎቶ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፤ ከተገለበጠ ኬብሉ ይሠራል። ቀጥሎ ማከፋፈያውን አንሡና በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ፤ ዩኤስቢ 3 ላይ እምቢ ያለ ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 2 ላይ ይሠራል።

ከዚያ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ታብሌቱን የሚያውቅበት ፕሮግራም። ሳምሰንግ የራሱ አለው፣ ሚዲያቴክ ቪኮም የሚባለውን ይፈልጋል፣ ኳልኮምም የራሱን። ሚዲያቴክ ላይ ታብሌቱ ጠፍቶ ሲሰካ ዲቫይስ ማናጀር (ኮምፒውተሩ የተሰኩትን የሚዘረዝርበት) ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ፈርምዌር የሚጭነው ፕሮግራም ቀድሞ «ጀምር» ተብሎ እየጠበቀው መሆን አለበት፤ ከዚያ ነው ኬብሉ የሚሰካው።

በክረምት ደግሞ የቻርጅ ቀዳዳውን በባትሪ መብራት ተመልከቱ። ጅማ ዝናቡም እርጥበቱም ብዙ ነው፤ ፒኖቹ ላይ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ዝገት ነው። ታብሌቱን አጥፍታችሁ፣ ለስላሳ ብሩሽ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል ነክራችሁ አጽዱና በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። ይቺ ብቻ «አልታይም» ያለውን ስንቱን ታብሌት መልሳልኛለች።

ፋይሉን አውርጄ ስፈታው ስህተት ይላል፤ ለምን?

ኔቱ መሃል ላይ ተቋርጦ ፋይሉ ጎድሏል። አንድ ፈርምዌር ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ጊጋባይት ስለሚሆን በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል ብላችሁ አትጠብቁ። የተቋረጠውን የሚቀጥል ማውረጃ ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ የሌሊት ጥቅል መግዛትም ያዋጣል። ሲያልቅ መጠኑን እስከ መጨረሻዋ ባይት ከምንጩ ጋር አስተያዩ። ኤምዲ5 ወይም ሻ-256 ቁጥር (የፋይሉ አሻራ) ከተሰጠ ደግሞ እሱን አመሳክሩ። የጎደለ ፋይል በግድ ፈትቶ ያገኙትን መጫን ታብሌት ይገድላል።

ፍላሽ እየተደረገ (ፈርምዌሩ ታብሌቱ ላይ እየተጻፈ) መብራት ቢጠፋ ታብሌቱ ይሞታል?

በላፕቶፕ ከሠራችሁ ምንም አይሆንም፤ ለዚህ ነው ዴስክቶፕ ላይ የማልሠራው። የላፕቶፑ ባትሪ ቢያንስ 1 ሰዓት የሚይዝ፣ የታብሌቱ ደግሞ ከ50 በመቶ በላይ ይሁን።

ከተቋረጠም አደጋው በምን ላይ እንደተቋረጠ ይወሰናል። ትልቁ ሲስተም እየተጻፈ ከነበረ ቡትሎደሩ ደህና ስለሆነ እንደገና ዳውንሎድ ሞድ ወይም ፋስትቡት (በሌሎች ታብሌቶች ላይ ተመሳሳዩ) አስገብቶ ከመጀመሪያው መጫን ነው። ክፉው ቡትሎደሩ ራሱ ሲጻፍ መቋረጡ ነው፤ እሱ ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ በሰከንዶች ያልፋል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ደንግጣችሁ ኬብሉን አትንቀሉ። ላፕቶፑ እየሠራ ነውና እስኪጨርስ ተዉት።

ሎጎ ላይ ቆሞ አልነሳ አለ፤ ሞተ ማለት ነው?

አልሞተም። ሎጎው ከታየ ቡትሎደሩ በሕይወት አለ። ከአዲስ ፍላሽ በኋላ የመጀመሪያው መነሳት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሊፈጅ ስለሚችል መጀመሪያ ጠብቁ። ከ20 ደቂቃ ካለፈ የማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ከ10 ሰከንድ በላይ ተጭናችሁ አጥፉትና ወደ ሪከቨሪ ግቡ።

የፋብሪካ ፈርምዌር ከሆነ የጫናችሁት፣ ከሪከቨሪው ዳታውን አጥፍቶ ማስነሳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካስተም ሮም ከሆነ ግን ተራው ማጥፊያ አይበቃም። የድሮው ዳታ የተመሰጠረ ስለሆነ አዲሱ ሮም ሊያነበው አይችልም፤ ቲደብሊውአርፒ ውስጥ «ፎርማት ዳታ» የሚለውንና የስ ብላችሁ እንድትጽፉ የሚጠይቀውን ነው መጠቀም ያለባችሁ። የጉግል አፖችን ጥቅልም ከመጀመሪያው መነሳት በፊት አስገቡ። የአንድሮይዱ ቁጥርና የፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ 32 ይሁን 64 ቢት፣ መግጠም አለበት።

ከፍላሽ በኋላ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆነ።

የጫናችሁት ሮም የግዕዝ ፊደል ተነሥቶበታል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት በሪከቨሪ በኩል ሲስተሙ የፎንት ማህደር ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ቀላሉ ግን ሌላ ሮም መጫን ነው።

ቡትሎደሩን ለመክፈት የሚፈቅደው «ኦኢኤም አንሎክ» የሚለው አማራጭ የለም፤ የት ሄደ?

ሴቲንግ ውስጥ የቢልድ ቁጥሩን 7 ጊዜ ነክታችሁ የዴቨሎፐር አማራጮችን ከከፈታችሁ በኋላም ካልታየ ሳምሰንግ ላይ ሦስት ምክንያት ይኖራል። አንደኛው፣ ታብሌቱ የአሜሪካ ሞዴል ነው፤ እዚያ ላይ ጭራሹኑ የለም። ሁለተኛው መጠበቂያ ጊዜ ነው። ዳውንሎድ ሞድ ላይ አርኤምኤም ወይም ኬጂ ከሚለው ፊት «ፕሪኖርማል» ካለ፣ ታብሌቱን ከኔት ጋር አገናኝታችሁ ሳታጠፉት 7 ቀን፣ ማለትም 168 ሰዓት፣ ማቆየት ነው። ትዕግሥት ያጣ ሰው በአራተኛው ቀን አጥፍቶ አብርቶ ከዜሮ ይጀምራል። ኬጂው «ሎክድ» ካለ ደግሞ ታብሌቱ በብድር ተሽጦ ያልተከፈለበት ሊሆን ስለሚችል ለሸጠላችሁ ሰው መልሱት።

ሦስተኛው አዲስ ነው፦ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳምሰንግ ዝመና ዋን ዩአይ 8 አማራጩን አንሥቶታል። ቡትሎደር የመክፈት ሐሳብ ካላችሁ ዝመናውን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትቀበሉ።

ኦዲን (ሳምሰንግን ፍላሽ የሚያደርገው የኮምፒውተር ፕሮግራም) ቀይ «ፌይል» ጻፈ፤ ፋይሉ ግን ትክክለኛ ነው።

የታብሌቱን ስክሪን እዩ፤ መልሱ ያለው እዚያ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ ላይ አይደለም። «ኤስደብሊው ሬቭ ቼክ ፌይል፣ ዲቫይስ 4፣ ባይነሪ 3» የሚል ካለ ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ነው። ሳምሰንግ ቡትሎደሩን ቁጥር ይሰጠዋል፤ ታብሌቱ 4 ላይ ከደረሰ 3ን አይቀበልም። ይህን ቁጥር ፋይሉን ሳታወርዱ ማወቅ ይቻላል፦ የፈርምዌሩን ስም ከመጨረሻው ወደ ኋላ ስትቆጥሩ አምስተኛው ነው። ከ9 በኋላ በእንግሊዝኛው ኤ፣ ቢ እያለ ይቀጥላል። የእናንተ ቁጥር ከፋይሉ ቁጥር ጋር እኩል ወይም ያነሰ መሆን አለበት። ይህን በማየት ብቻ 4 ጊጋባይት በከንቱ ከማውረድ ትድናላችሁ።

ስክሪኑ ላይ ምንም ካልተጻፈና ኦዲን ግንኙነት ላይ ከቆመ ወደ ኬብሉ ጥያቄ ተመለሱ። ዳታችሁን ማቆየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ኦዲን ውስጥ ሲኤስሲ (የአገር ቅንብር ፋይል) በሚለው ቦታ «ሆም ሲኤስሲ» የሚለውን ፋይል አስገቡ፤ ተራው ሲኤስሲ ሁሉን ያጠፋል።

ፍላሽ ተደርጎ በራ፣ ግን ተቹ ተገልብጧል ወይም ጭራሽ አይሠራም።

ይህ የቻይና ታብሌቶች ጣጣ ነው፤ እኔም ከሁሉ በላይ የምጠነቀቅለት። አንድ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ታብሌት ለወራት ሲሠራ በየጊዜው ያገኘውን የተች ቺፕና ስክሪን ይገጥማል። ውጩ አንድ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ስም አንድ ነው፣ ፈርምዌሩ ውስጥ ያለው ድራይቨር ግን የአንዱን ብቻ ያውቃል።

ባለፈው ክረምት አንዲት የነርሲንግ ተማሪ 7 ኢንች ታብሌት ይዛ መጣች። ሌላ ቦታ ፍላሽ ተደርጎላት በርቷል፤ ግን ቀኝ ስትነካ ግራው ይመልሳል፣ ከላይ ወደ ታች ስትጎትት ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። «ወንድሜ፣ ስክሪኑ ነው አሉኝ፤ ልቀይረው ነበር» አለችኝ። ጀርባውን በፕላስቲክ መክፈቻ ዙሪያውን አላቅቄ አነሣሁት። ከባትሪው በላይ አረንጓዴው ቦርድ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ረጅም ቁጥር አለ፤ መጨረሻው ቪ2.1 ይላል። የተጫነላት ፋይል ስም ላይ ያለው ቪ1.3 ነበር። ስክሪኑ ምንም አልሆነም። የቦርዱን ቁጥር ይዤ ትክክለኛውን ፋይል እስካገኝ 3 ቀን ፈጀብኝ፤ ሲጫን ተቹ ወዲያው ተስተካከለ። እስከዚያው በኦቲጂ (የዩኤስቢ ዕቃ ታብሌት ላይ የሚሰካበት ማገናኛ) ማውዝ ሰክታ ማስታወሻዋን ታነብ ነበር፤ ተች የሌለው ታብሌት በማውዝ ይሠራል።

ያ ሁሉ ድካም የመጣው ማንም ቀድሞ ኮፒ ስላልያዘ ነው። የሚዲያቴኩ ፍላሽ ፕሮግራም «ሪድባክ» የሚል ክፍል አለው፤ የሮክቺፕ መሣሪያዎችም ማንበብ ይችላሉ። በስም የማይታወቅ ታብሌት እጄ ሲገባ ምንም ከመጻፌ በፊት ያለውን ሙሉ አነብና አስቀምጣለሁ። 20 ደቂቃና ጥቂት ጊጋባይት ይወስዳል። ኢንተርኔት ላይ የማይገኘው ፋይል ያኔ በእጃችሁ ነው።

ኔትወርክ ጠፋ፤ አይኤምኢአዩም (የታብሌቱ መለያ ቁጥር) ባዶ ሆነ።

ሚዲያቴክ ከሆነ ምናልባት «ፎርማት ኦል» በሚለው ነው የተጫነው። እሱ ፈርምዌሩን ብቻ ሳይሆን የታብሌቱ የራሱ መለያ ቁጥሮችና የሬዲዮ ልኬቶች ያሉበትን ኤንቪራም የሚባል ክፍልም ያጠፋል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እኔም ይህንኑ በአንድ የጎረቤት ታብሌት ላይ ሠርቻለሁ፤ ሲሙ ዳግመኛ እስኪሠራ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ «ዳውንሎድ ኦንሊ» ከሚለው ሌላ አልመርጥም።

ኤንቪራሙ ኮፒ ካለ እሱን መልሶ መጻፍ ነው፤ ሳምሰንግ ላይ ተመሳሳዩ ኢኤፍኤስ ይባላል። ኮፒ ከሌለ ካርቶኑ ወይም ጀርባው ላይ የታተመውን የታብሌቱን የራሱን ቁጥር በባለሙያ ማስመለስ ይቻላል። የሌላ ታብሌት ቁጥር ማስገባት ግን ማጭበርበር ነው፤ አልሠራም፣ ለሚያሠራም አልመክርም።

ምንም አይበራም፣ ሎጎም የለም፣ ንዝረትም የለም። ተስፋ አለው?

መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ። ወራት ተቀምጦ የነበረ ታብሌት ባትሪው ከልክ በላይ ይወርድና 1 ሰዓት ቻርጅ እስኪያደርግ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ሰኩትና ዲቫይስ ማናጀሩን እዩ፤ ስክሪኑ ጨልሞ ኮምፒውተሩ «ቲንግ» ካለ ሕይወት አለ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከቡትሎደሩም በፊት የሚነሳ፣ ቺፑ ሲሠራ ውስጡ የተቀረጸ ሊጠፋ የማይችል ትንሽ ኮድ አለ። ሚዲያቴክ ላይ ቡትሮም፣ ሮክቺፕ ላይ ማስክሮም፣ ኦልዊነር ላይ ፌል ይባላል፤ ኳልኮም ላይ ኮምፒውተሩ በ9008 ቁጥር ያየዋል። ቡትሎደሩ ሲበላሽ ቺፑ ወደዚህ ይመለስና በዩኤስቢ ትእዛዝ ይጠብቃል። ቡትሎደሩ በከፊል ከተበላሸ ግን እዚያ አይደርስም፤ ያኔ ቦርዱ ላይ የሙከራ ነጥብ ፈልጎ በትዊዘር ከግራውንድ ጋር አገናኝቶ ማስገደድ ያስፈልጋል። ይህን ያለ ሥዕላዊ መግለጫ በግምት አትሞክሩ፤ የተሳሳተ ነጥብ ቺፑን ያቃጥላል። ኳልኮም ላይ በተጨማሪ ለዚያው ሞዴል የተፈረመ ፕሮግራመር ፋይል (ቺፑ ላይ መጻፍ የሚያስችለው) ካልተገኘ መንገዱ ዝግ ነው።

ካስተም ሮሙ ከገባ በኋላ አንዳንድ አፕ እምቢ አለኝ። ቡትሎደሩን መልሼ ብቆልፈውስ?

እንደዚሁ እያለ በፍጹም አትቆልፉት። ቁልፉ ሲመለስ የፊርማ ፍተሻውም ይመለሳል፤ የገባው ሮም የአምራቹ ፊርማ ስለሌለው ታብሌቱ አይነሳም። በደህና ሲሠራ የነበረን ታብሌት በአንዲት ትእዛዝ ገድለው የሚመጡ አሉ።

አፖቹ እምቢ ያሉት የመሣሪያውን ደህንነት ስለሚፈትሹ ነው፤ በተለይ የባንክና የክፍያ አፖች። ፊልም የሚያሳዩ አፖችም ዋይድቫይን የሚባለው የጥበቃ ደረጃ ከኤል1 ወደ ኤል3 ሊወርድ ስለሚችል በዝቅተኛ ጥራት ብቻ ያሳያሉ። ለእነዚህ ታብሌቱን የምትፈልጉት ከሆነ የፋብሪካውን ሙሉ ፈርምዌር ጫኑ፤ አብርታችሁ ደህና መነሳቱን፣ ተቹን፣ ዋይፋዩንና ካሜራውን ሞክሩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ቆልፉ። ሲቆለፍም ዳታው እንደገና ስለሚጠፋ በመሃል ያስገባችሁትን ፎቶ ቀድማችሁ አውጡ።